የእህቴ ኪኒንና የካሣው በሬ

እሁድ ረፋድ ላይ ነው። እህቴ ደጃፍ ደርሼ ገና አረፍ ሳልል... በሬው ፊት የተቀመጠው ገንዳ ላይ ዓይኔ አረፈ። አተላ ነው። አተላው መሐል ግን ቀይ ኪኒን ተሰክቷል።

ጎንበስ ብዬ አወጣሁት። ራሴ የገዛሁት ኪኒን! ለእህቴ የገዛሁላት የደም ኪኒን!

ጊዜው ደርግ ነው፣ ወሩ ሰኔ። እኔ ላሊበላ አስተምራለሁ። ታላቅ እህቴ ብርቄ ደግሞ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በላይ ካለች መንደር፣ ካሣው ለሚባል ገበሬ ተድራለች። ያን ሰሞን እርጉዝ ነበረች። ያለፈውን ስትወልድ ደም ፈሷት ልጁ አልተረፈም፤ እሷንም በቃሬዛ ነው ያወረድናት። አሁንም ጤና ጣቢያ ወስጄ ሳስመረምራት ድሬሰሩ የዓይኗን ቆብ ገልበጥ አድርጎ አየና «ደም የላትም። እንዲህ እንዳለች ምጥ ከመጣባት እኔ የለሁበትም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የት አባቱ!

ወደ መድኃኒት ቤት ሮጥኩ። ሰውየው ሦስት ነገር ደረደረልኝ። አንዱ የዓሣ ዘይት... የሰኔ ጾም ላይ ነን፣ ብርቄ እንኳን ልትጠጣው ጠርሙሱንም ቤቷ አታስገባው። ሁለተኛው ሽሮፕ ነው፤ መልኩ ሲያምር! «ይሄ ለሁሉም ይሆናል፣ ለአጠቃላይ ጤና ነው» አለኝ። «ለሁሉም የሚሆን አይደለም የምፈልገው፣ ለደም የሚሆን ነው» አልኩት። የቀረው ይሄ ቀዩ ኪኒን ነበር። አገላብጬ፣ ጠይቄ፣ ሰውየውን አሰልችቼ መረጥኩት። ከዚያ ለብርቄ በእጇ ሰጥቼ «በየቀኑ ዋጪው፤ ደም ይሆንሻል፣ ጉልበት ይሰጥሻል» አልኳት።

እና አሁን በሬ እየበላው ነው።

ካሣው ከገበሬ ማኅበር ስብሰባ ገና መመለሱ ነበር፤ ዱላውን እንኳ ከትከሻው አላወረደም። ደሜ ፈላ። እስከዚያች ቀን አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰው...

«አንተ! አንተ አረመኔ! ለእህቴ የገዛሁትን መድኃኒት ለበሬ?»

«የምን መድኃኒት?» አለኝ አፍጥጦ።

«ሚስትህ ብትሞት ሌላ ታገባለህ! በሬው ነው የማይተካው፣ አይደል?»

ጎረቤቱ ከየቤቱ ብቅ ብቅ አለ። ይስማ! ኪኒኑን አፍንጫው ሥር ደገንኩበት። ሰውየው ኪኒኑን ያያል፣ በሬውን ያያል፣ ደግሞ እኔን ያያል። «ነአኩቶ ለአብ ይመስክርብኝ፣ እኔ አላውቅም!» ይላል። መማሉ ጭራሽ አበገነኝ።

ያኔ ነው ብርቄ ግድግዳውን ተደግፋ የወጣችው። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«ተይው አንቺ ልጅ። እሱ አያውቅም። እኔ ነኝ ያበላሁት።»

«ምን አልሽ?»

«ጉልበት ይሰጣል አላልሽኝም? ጉልበት ያጣው እሱ ነዋ!» አለችና በሬውን በአገጯ አመለከተችኝ። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። «አያ ሙሉ ምን አለ መሰለሽ? ‹በሬያችሁ እየተኛ ካስቸገረኝ መቀናጆው ይፍረስ፣ የእኔን ይዤ ሌላ ጋ እሄዳለሁ› አለ።»

አያ ሙሉ ጎረቤታቸው ነው። እሱም አንድ በሬ፣ እነሱም አንድ በሬ፤ ሁለቱን እያቀናጁ ነው ተራ በተራ የሚያርሱት። አያ ሙሉ ከሄደ እርሻ የለም።

«ሰኔ ካለፈ አለፈ» አለች ብርቄ። «የሚወለደውስ ምን ይበላል?»

«አንቺ ከሞትሽ የሚወለደው ከየት ይመጣል?!» ጮህኩባት።

«እኔማ ይኸው ቆሜያለሁ አይደል?» ቆማም አይደለም፣ ግድግዳው ነው የያዛት። «ደግሞ ሠርቷል! ዓርብ ዕለት ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ዋለ።»

«ያጠገበው አተላው ነው ብርቄ! አተላው!»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? አስተማሪ ነሽ እንጂ ገበሬ አይደለሽ።»

እሰይ! ለዚህ ነው ለካ ያን ሁሉ ያገላበጥኩት። ካሣው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። «ምነው ብርቄ... ምነው ለእኔ እንኳ ብትነግሪኝ?» ይላል። እሱን እንዳልጮህበት አላወቀም፤ እሷን እንዳልመታት ብነካት ትወድቃለች። አያ ሙሉ ቤት ሄጄ ልስደበው ብል እሱም ልጆች አሉት። ንዴቴን የማራግፍበት አጣሁና የበሬውን ገንዳ በእግሬ መታሁት። ያመመው እኔኑ ነው።

«የተረፈውን አምጪ! አሁን ፊቴ ትውጪያለሽ!» አልኳት።

እምቢ! «እሱ ከተቋረጠበት ይወድቃል። ለእሱ ካልመጣ እኔም አልውጥም» ብላ ድርቅ። እህቴ ድርቅ ካለች አለቀ፣ ታቦት ቢለምናት አትመለስም።

በማግስቱ እዚያው መድኃኒት ቤት ቆሜያለሁ። ንዴቱ ገና ከፊቴ አልወረደም።

«ያ ሁሉ አለቀ እንዴ መምህርት?» አለኝ ሰውየው። «በሽተኞቹ ስንት ናቸው?»

«ሁለት ናቸው» አልኩት። «አንዷ እርጉዝ ናት፣ አንዱ ያርሳል።»

ሰውየው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሁለት ጠርሙስ ኪኒን አስቋጥሬ ወጣሁ። አንዱን ለበሬው ሰጠሁላት፣ ሌላውን አፏን እያስከፈትኩ አስዋጥኳት። ጥቅምት ላይ በሰላም ተገላገለች።

ዛሬ አንዷ «የትኛው ቫይታሚን ይሻለኛል?» እያለች ስትጠይቀኝ ያ ንዴት ተመልሶ ይመጣብኛል... «መጀመሪያ በሬሽ ጠግቧል ወይ?» ነው የምላት።