በጥርስ ላይ የተንጠለጠለው ባልዲ

ይህ የገጠመኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በክረምቱ መጨረሻ፣ ነቀምቴ ውስጥ ነው። የጥርስ ሐኪም ነኝ። ብዙ ሰው አክሜአለሁ፤ ብዙውንም ረስቻለሁ። ያ ሰሞን ግን እንደ ሕልም ዳር ዳሩ ደብዝዞ፣ መሐሉ ቁልጭ ብሎ እየመጣ ይታየኛል። ምናልባት ያኔ ከተማውን ሸፍኖት የነበረው ጉም ይሆናል። ምናልባትም ሰው በድዬ ስለነበር ይሆናል።

ተወልጄ ያደግኩት ጎጃም ነው። ነቀምቴ የመጣሁት ለሥራ ሲሆን፣ ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ተቀጠርኩ። ኦሮምኛ አንድ ቃል አላውቅም ነበር። ያስለመደችኝ አብራኝ የምትሠራው ነርስ፣ ሌንሳ ናት። ሰው ሲገባ «አካም ጅርቱ» ማለትን፣ ትልቅ ሰው ከሆነ «ኦቦ»፣ ሴት ከሆኑ «አዴ» ብሎ መጥራትን ከእሷ ተማርኩ።

ኦቦ ዲንሳ ከአርጆ የሚመጡ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ረጅም ናቸው፤ ኮታቸውን እስከ ላይኛው ቁልፍ ይቆልፋሉ፤ ሳቅ ያበዛሉ። እንቅፋት መትቷቸው ወድቀው የፊት ጥርሳቸው በግማሽ ተሰብሮ ነበር። በጥርሳቸው ቀለም መሙያ ሠራሁላቸው። መስታወት ስሰጣቸው ብዙ ጊዜ አዩት።

«ልጅ አደረግሽኝ እኮ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። መርቀውኝ ሄዱ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተመለሱ። ሙሌቱ ወድቋል። ደግሜ ሠራሁት፤ ቆሎ እንዳይቆረጥሙም አስጠነቀቅኳቸው። እሱም ወደቀ። እንደገና የመጡ ቀን ወረፋው እስከ በሩ ነበር፤ እኔም ደክሞኝ ነበር።

«ኦቦ ዲንሳ፣ ቆሎ በልተዋል አይደል?» አልኳቸው።

«ኧረ አልበላሁም።»

«በልተው ነው እንጂ እንዲሁማ አይወድቅም» አልኩ።

አብረዋቸው የመጡት ባለቤታቸው አዴ ዲንቄ ቀና ብለው ባላቸውን አዩአቸው። ኦቦ ዲንሳ አፋቸውን ከፈቱልኝ፤ እኔም ለሦስተኛ ጊዜ ሞላሁት።

ሦስተኛው የወደቀው በልጃቸው ሠርግ ላይ ነው። የነገረችኝ ሌንሳ ናት፤ አክስቷ አርጆ ስለምትኖር እሷም ሠርጉ ላይ ተገኝታ ነበር። ሙሽሮቹ በኦቦ ዲንሳ እግር ሥር ተንበርክከዋል። ሰዉ ጸጥ ብሏል። ሊመርቁ ገና «ሆራ ቡላ»፣ ተባዝታችሁ ኑሩ፣ ከማለታቸው ያቺ ቁራጭ ከአፋቸው ወጥታ የሙሽራዋ ቀሚስ ላይ አረፈች። ከኋላ የቆሙት ሳቁ። እሳቸው አፋቸውን በእጃቸው ከድነው፣ ምርቃቱን ለወንድማቸው ለቀው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ አልመጡም።

ይህን ስሰማ ደነገጥኩ እንጂ ጥፋቱን ወደ ራሴ አላመጣሁትም። የሌሎች ሰዎችም ሙሌት እየወደቀ ነበር። የሚቀለኝን ሐሳብ ያዝኩ፤ ዕቃው ነው፣ መሙያው እዚህ እስኪደርስ በመንገድ ላይ ሙቀት መትቶት ተበላሽቷል አልኩ። የክሊኒኩ ባለቤት ግን «ማስረጃሽ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ለምን አንፈትነውም?» አለችኝ ሌንሳ።

መሙያ ጥርስን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚለካ ማሽን አለ። እኛ ጋ የለም። ትምህርት ቤት ሳለሁ ያየሁትን አስታውሼ በባልዲ ልንሞክረው ተስማማን። ድዳቸው ታሞ ጥርሳቸው ሲነቃነቅ የምንነቅልላቸውን ሰዎች «ለሙከራ ውሰጂው» እንዲሉን እየለመንን ደኅና ደኅናውን ጥርስ በውኃ ውስጥ አስቀመጥን። አንዲት ባልቴት «ውሰጂው፣ እኔንስ ሲያሠቃየኝ ነው የኖረው» ብለው አሳቁን። ጎረቤታችን ካለ ጋራዥ ሞርሳ ተዋስን። ከሌላ ክሊኒክ ደግሞ የማይጠረጠር መሙያ ለመንን።

ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ክሊኒኩ ተዘግቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ ወደ ካፊያ ተለውጧል፤ ጉሙ ወርዶ መስኮቱን ነጭ አድርጎታል። የጥርሱን ሥር በጄሶ አቁመን፣ ጎኑን ሞርደን፣ አተር የምታክል መሙያ ለጠፍንበት። በመብራት አጠነከርናት። ጥርሱን በሞርሳው አጋድመን አሰርነው፤ በአተሯ አንገት ላይ ሽቦ አዙረን ባልዲ አንጠለጠልንበት። ከዚያ በቀጭን ጎማ ውኃ እያንጠባጠብን እስክትላቀቅ መጠበቅ ነው።

ያ ጥበቃ ነው ከሁሉ በላይ የማልረሳው። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ባልዲው በጣም በቀስታ ይዞራል። የማን እንደሆነ የማላውቀው ጥርስ፣ ሲስቅ፣ ሲጸልይ፣ ሰው ሲስም የኖረ ጥርስ፣ ውኃ ተሸክሞ በዚያ ነጭ ብርሃን ውስጥ ተጋድሟል። እንቅልፍ ሸለብ ያደረገኝ ይመስለኛል። ጎጃም እናቴ ቤት ያለሁ መሰለኝ፤ ዝናብ ጣራው ላይ፣ የሰው ድምፅ ከሩቅ።

ባልዲው ወደቀ። ውኃው ወለሉ ላይ ሲፈስ ባነንኩ።

ሩብ እንኳ አልሞላም ነበር። «አላልኩሽም? ዕቃው ነው!» አልኳት ሌንሳን። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገርና በጣም ደስ አለኝ። ቀጥለን የተዋስነውን መሙያ አሰርን። እሱም እዚያው አካባቢ ወደቀ። በሌላ ጥርስ ደገምነው። ያው ነው። ደስታዬ ጠፋ። ዕቃው ካልሆነ እጄ ነው ማለት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ እጄን አየሁት። ያኔውኑ ሥራውን ትቼ አገሬ ብሄድ ደስታዬ ነበር።

ሌንሳ ግን የወደቀችውን አተር አንስታ በመርፌ ትቧጭራት ጀመር።

«ኮቱ ኢላሊ» አለችኝ። ነዪና እዪ ማለቷ ነው።

ላይዋ እንደ ድንጋይ ነው፤ በጥርሱ በኩል የነበረው ታቿ ግን ለስላሳ ነው፤ መርፌው ገባ። አልበሰለችም። መሙያ የሚጠነክረው በሰማያዊ መብራት ነው፤ ብርሃኑ ታች ካልደረሰ ላይ ላዩ ደርቆ ውስጡ ሊጥ ይሆናል። መብራቱን አንስቼ ወደ መስኮቱ ወሰድኩትና ጫፉን አየሁ። የደረቀ መሙያ እንደ ዓይን ሞራ ጋርዶታል። በየቀኑ ከላይ ጠረግ አድርጌ አስቀምጠው ነበር እንጂ ዓይኔን አስጠግቼ አይቼው አላውቅም። እሱን ማየት ደግሞ የማንም ሳይሆን የእኔ ሥራ ነበር።

ሞራውን ቀስ ብለን ፋቅነው። በዚያው በተጠረጠረው መሙያ አዲስ ጥርስ ሠርተን አንጠለጠልን። ባልዲው ሩብ አለፈ፣ ግማሽ አለፈ፣ ሞላ። ውኃው ከአፉ እየፈሰሰ ጫማችንን አራሰው፤ አተሯ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሌንሳ ጎማውን ዘጋች። የተንጠለጠለውን ባልዲ እያየን ብዙ ቆምን።

በማግሥቱ እሑድ የመንገዱን ሰላም ጠይቄ የአርጆ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ተራራው፣ ዛፉ፣ መንገደኛው በጉም ውስጥ ብቅ ይልና ይጠፋል። የምናገረውን በኦሮምኛም በአማርኛም ስደጋግም ቆይቼ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ።

ኦቦ ዲንሳ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነሡ፤ አፋቸውን ግን በመዳፋቸው ከድነው ነው ሰላም ያሉኝ። ሳቁ የለም።

«ኦቦ ዲንሳ፣ ሙሌቱ የወደቀው በእርስዎ ጥፋት አይደለም» አልኳቸው። «መብራቴ ቆሽሾ ብርሃኑ አልደረሰም። እኔ ነኝ ያላየሁት። ቆሎ በልተዋል ያልኩዎት በማላውቀው ነገር ነው።»

«ይህን ለመናገር ነው ከነቀምቴ የመጣሽው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ቆይ።» ወደ ቤት ዞሩ። «ዲንቄ! ኮቱ!»

አዴ ዲንቄ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ወጡ።

«አሁን ለእኔ ያልሽውን ለእሷ ንገሪልኝ» አሉኝ።

ደግሜ ተናገርኩ። አዴ ዲንቄ እየሰሙ ቀስ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «ኪሳቸውን ስፈትሽ ከረምኩ እኮ» አሉ። «ከሠርጉ በኋላማ፣ ልጄን ያዋረድካት ለአንድ እፍኝ ቆሎ ብለህ ነው አልኳቸው። አንተ አልኳቸው።»

ኦቦ ዲንሳ ሚስታቸውን አላዩም፤ እኔንም አላዩም። «ጥርሱስ ይሁን» አሉ። «ያን ሁሉ ዓመት ልጆችን አትዋሹ እያልኩ አስተምሬ፣ በቤቴ ውሸታም ሆኜ ከረምኩ።»

ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም ብለው ግድ አሉኝ። ከምሳ በኋላ እስከ መኪናው ሸኙኝ። እጄን ይዘው በጉሙ ውስጥ ቀስ እያልን ስንሄድ ስለ እናቴና ስለ አባቴ ጠየቁኝ፣ ስለ ጥርስ አንድም ቃል አላነሡም። «ገለቶሚ» ብለው አሳፈሩኝ። አመሰገኑኝ እንጂ ይቅር ብያለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ቆይተው መጥተው ሠራሁላቸው፤ ሙሌቱ እስከ ዛሬ አለ። የሌሎቹንም ስልክ እየደወልን ጠርተን አንድ በአንድ አደስነው።

አሁን ሳስበው እፍረቱ ቀንሶልኛል። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ያን ቀን «በልተው ነው» ስላቸው አልዋሸሁም፤ እርግጠኛ ሆኜ ነው የተሳሳትኩት።