የበዛብህ ክረምት

ባሌ በዛብህ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ሚዛን ተፈሪ ላይ በዓመት ስንት ሚሊ ሜትር ዝናብ እንደሚወርድ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ከእርሱ የበለጠ ዝናቡ የጎዳውም ሰው አላየሁም። ትውልዱ ቆቦ ነው፤ ደመና ሲታይ ሰው ደስ ብሎት ደጅ የሚወጣበት አገር። በ1986 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በምደባ መጣና የእናቴን አንዲት ክፍል ተከራየ። እኔ ገበያ ውስጥ ኮረሪማና ዝንጅብል እሸጥ ነበር። ሲስቅ እስከ ጎረቤት ይሰማል። እናቴ «ምን አጣደፋችሁ?» እያለች ጥር ላይ ተጋባን። በበጋ ያገባሁት ሰው ነው፤ ክረምቱን ማን አሳይቶኝ!

ሰኔ ሲገባ ሰውዬው ጠፋብኝ። ቤት ውስጥ አለ፣ ግን የለም። ትምህርት ቤት ሲዘጋማ ባሰበት፣ የሚጠብቀው ተማሪ የለ፤ ቀንም ሌሊትም ይተኛል፣ ሲነሣም «ደከመኝ» ይላል። ወጥ አስጠልቶት ዳቦ ብቻ ይገምጣል። ስናገረው ይሰማኛል፣ መልሱ ግን ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስል ይዘገያል። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። ልጃችን ሔዋን በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ስትወለድ «እኔም አራስ፣ አንተም አራስ፤ ማን ማንን ሊያርስ ነው?» አልኩት። ሊጠይቁኝ የመጡት ሴቶች ሳቁ። እርሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያንን ቃል ዛሬ ብመልሰው እወድ ነበር።

ደመናው ሲሳሳ ይነሣል። የተሰበረ ወንበር ይጠግናል፣ ሔዋንን ትከሻው ላይ አድርጎ ገበያ ይመጣል፣ እኔም ያለፈውን እረሳለሁ። ጎረቤት አንዱ ቡዳ ነው፣ አንዱ ዛር ነው፣ አንዱ ስንፍና ነው አለ። እኔ ከሦስተኛው ጋር ነበርኩ። በዚህ ሁኔታ አሥራ ስምንት ክረምት ገደማ አለፈ።

በ2004 ሐምሌ ላይ ሔዋንን «አንድ ቀን ሳልነቃ ብቀር ለሁላችሁም ይቀላችሁ ነበር» አላት። እርሷ እንደ እኔ አይደለችም፤ ቀልድ አድርጋ አላለፈችውም። እጁን ይዛ ባጃጅ አሳፈረችውና አማን ሆስፒታል ወሰደችው። እኔም እያጉረመረምኩ ተከተልኩ። የተቀበለን ናስረዲን የሚባል የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነው፤ የጅማ ልጅ፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ክረምት ክረምት ብቻ እንደሚብስበት ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እትዬ በየነች፣ እርስዎ ቅመም ነጋዴ ነዎት አይደል?» አለኝ። «አንጎላችንም ውስጥ ቅመም አለ። መልእክት የሚያደርስ ነው። አንደኛው ሴሮቶኒን ይባላል፤ ስሜትንም፣ እንቅልፍንም፣ የምግብ ፍላጎትንም ይነካል። ሜላቶኒን የሚባለው ደግሞ ሲጨልም የመኝታ ሰዓት መድረሱን ይናገራል። የጠዋት ብርሃን በዓይን ገብቶ አንጎልን ‹ነግቷል› ይለዋል። ደመናው ወራት ሲቆይ አንዳንድ ሰው ላይ ይሄ ሁሉ ይዛባል። ጋሽ በዛብህ ሰነፍ አይደሉም፣ ታመው ነው።»

«ታዲያ ቅመሙን ሸጠህልን አትገላግለንም?» አልኩት።

ሳቀ። «የምሰጣቸው ክኒን ቅመም አይጨምርም፣ ያለው ቶሎ ተለቅሞ እንዳይጠፋ ነው የሚረዳው። ውጭ አገር ለዚህ በሽታ ብርቱ መብራት አላቸው፤ እኛ ጋ የለም። ግን ሰማዩ ቢደምንም የደጅ ብርሃን ከቤት አምፖል ይበልጣል። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ይቀመጡ። ክኒኑ እስኪይዝ ሳምንታት ይፈጃል። ሲሻላቸው ደግሞ እኔን ሳትጠይቁ እንዳታቆሙ።»

በዛብህ ጋቢውን ደርቦ በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀመረ። አላፊ አግዳሚው «መምህር፣ ዘበኝነት ያዙ እንዴ?» ይለዋል። መጀመሪያ ጋቢውን ወደ ፊቱ ይስብ ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ አንድ ጠዋት «አዎ፣ ፀሐይ እንዳትሰረቅ እየጠበቅሁ ነው» ሲል ከጓዳ ሰማሁት። በክረምት ሲቀልድ የመጀመሪያው ነው። ጓዳ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ።

በ2005 ሐምሌም ደህና ከረመ። እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ፍልሰታ ሲቃረብ ጠበል አስጠምቀዋለሁ ብዬ ተነሣሁ፤ የገበያ ሴቶች ደግሞ ጠበልና ክኒን አይስማሙም ይላሉ። በልቤ የነበረውን ልናገር፤ ስንት ዘመን ተስዬለት፣ ባሌን ያዳነው አንድ ፍሬ ክኒን ነው መባሉ ሊዋጥልኝ አልቻለም።

«ናስረዲን አታቋርጥ ብሎኛል እኮ» አለ በዛብህ።

«ናስረዲን የእኛን ጾም ምን ያውቃል?»

ያን ጨዋ ሰው እንዲህ አልኩ። በዛብህ ትንሽ አየኝና የክኒኑን ብልቃጥ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ከዚያ በኋላ ጎህ ሳይቀድ ወደ ጠበሉ ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጥግ ይዞ ያረፍዳል፣ ሲመለስ ይተኛል። በረንዳው ላይ መቀመጡ ቀረ።

ፍልሰታ ሲፈታ ብልቃጡን ልመልስለት ይገባ ነበር። «የጳጉሜ ጠበል ይበልጣል፣ እስከዚያ ጨርስ» አልኩት። ያን ጊዜ ዳቦ ብቻ መብላት ጀምሯል። መልሱም ይዘገያል። አላየሁም ብል ውሸት ነው፤ አይቻለሁ። ጠበሉ በሽታውን እያስወጣው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጳጉሜ አራት ጠዋት «ወንዝ ወርጄ ልጠመቅ» አለኝ። በጳጉሜ የማይጠመቅ የለም። ዝናቡ ከባድ ነበርና ጃንጥላ አቀበልኩት።

«ልጠመቅ እየሄድኩ ጃንጥላ?» ብሎ ፈገግ አለ። ፈገግታውን አይቼ እሰይ ተሻለው አልኩ። ሔዋን ተኝታ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት። ከዚያ ቶሎ ቀና አላለም።

ከሰዓት በኋላ ከታች ሰፈር አገኙት። ሰው ሁሉ ደራሽ ውሃ ወሰደው አለ፣ በሙሉ ፍትሐትም ተቀበረ። ሲጠይቁኝ እኔም ደራሽ ውሃ ነው እላለሁ። ግን ልጁን ሲስማት አይቻለሁና አውቃለሁ። ናስረዲን ለቅሶ መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ብዙ ተቀመጠ። ስለ ክኒኑ አንድም ቃል አልጠየቀኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከአርባው በኋላ የነፍስ አባታችን መምሬ እንድርያስ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ጣልቃ ሳይገቡ ሰሙኝ። ስጨርስ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ ለታመመ ሰው መድኃኒት የሚከለክል ጾም የለንም» አሉኝ። «ክኒኑን በጠበሉ ዋጠው እለው ነበር። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ሩቅ ነበሩ እንዳልል፣ የእርሳቸውን ቤትና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነው።