ሳይነበብ የተፈረመ ቃል

ከሚኒባሱ ሲያስወርዱኝ ገጽ መቶ ስድሳ ሦስት ላይ ነበርኩ። ቁጥሩን እስካሁን የማስታውሰው መጽሐፉን ሳልጨርሰው ስለተወሰደብኝ ነው። ጨርሼው ቢሆን ኖሮ ረስቼው ነበር።

ቤቴ ዳባት ነው፤ የምሠራው ደባርቅ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ። ጠዋት አርባ ደቂቃ፣ ስመለስ አርባ ደቂቃ መንገድ አለኝ። በዚያ መንገድ ስድስት ዓመት ስመላለስ በመስኮት ወደ ውጭ ያየሁበትን ቀን መቁጠር እችላለሁ። ተራራውን ለማየት ሰው ከባሕር ማዶ ድረስ ይመጣል። እኔ አንገቴን ደፍቼ አነባለሁ። ግብ ነበረኝ፤ በወር አራት መጽሐፍ፣ በዓመት አርባ ስምንት። ወሩ ሊያልቅ ሲል ከኋላ የቀረሁ እንደሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ምሳዬን ቆሜ እየበላሁ አነባለሁ። እህቴ «አንቺ መጽሐፍ አታነቢም፣ ታጭጃለሽ» ትለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የምይዝበት አንድ ደብተር በቦርሳዬ አይጠፋም ነበር። አጻጻፌ አጭር ነው። «ዳ–ደ 22» ብዬ ከጻፍኩ፣ ከዳባት ተነስቼ ደባርቅ እስክደርስ ሃያ ሁለት ገጽ አነበብኩ ማለት ነው። ለሰው የማውሳቸውንም መጻሕፍት፣ ከተዋሹ ስም መነሻ ፊደል ጋር፣ እዚያው እጽፋለሁ። በእኛ አገር መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም፤ ያለው ለሌለው እያዋሰ ነው የሚነበበው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሊማሊሞን ሲወርድ ዛሪማ ላለ አንባቢ ያደርስልኝ ነበር። «ሁለት ወደ ዛሪማ ሄዱ። አንዱ አልተመለሰም» ብዬ የጻፍኩት ለዚያ ነው።

ደባርቅ መግቢያ ኬላው ላይ ቦርሳዬን የፈተሸው ወታደር ደብተሩን አገላበጠው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ያነበብኳቸው መጻሕፍት ናቸው።»

«ይህ ሁሉ?»

«ይህ ሁሉ።»

ጓደኛውን ጠራ። ሁለቱም ቆመው ገጹን አዩት። ያ ሰሞን ሰው በትንሽ ነገር የሚያዝበት ሰሞን ነበር። ተሳፋሪዎቹ ወደ እኔ ላለማየት ወደ መሬት ያዩ ነበር። ሚኒባሱ ያለ እኔ ሄደ።

ያስገቡኝ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ከግድግዳውና ከቆርቆሮው መሃል ባለው ክፍተት ብርሃንና ብርድ አንድ ላይ ይገባሉ። ወለሉ ላይ ባዶ ጆንያ ተነጥፏል። ስንቀመጥ የገብስ ብናኝ ተነስቶ ያስነጥሰናል። ከእኔ ጋር ስድስት ሴቶች ነበርን።

በመጀመሪያው ቀን ያስጨነቀኝ ፍርሃት ነው። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር መጣ። እጄ የሚይዘው አጣ። ዓይኔ ፊደል ይፈልጋል። ጆንያዎቹ ላይ የታተመውን አነበብኩ፤ «ሃምሳ ኪሎ»፣ «ከእርጥበት ይጠበቅ»። አንዱ ጆንያ ላይ «ከእርጥበት» የሚለው ጠፍቶ «ይጠበቅ» ብቻ ቀርቷል። እሱንም አነበብኩ። ዳቦ የመጣልን ከተማሪ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው፤ ስለ ዝናብ አፈጣጠር የሳይንስ ማስታወሻ ነበረበት፤ «ደመናው በቀዘቀዘ ጊዜ» ይልና ይቀደዳል። ሴቶቹን የእነሱን መጠቅለያ ለመንኳቸው። ቀጣዩ ገጽ አንዳቸውም ጋ አልነበረም። ግድግዳውን ታክኬ ከጥግ እስከ ጥግ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። አሥራ አንድ እርምጃ ነው።

«ምን ጠፍቶሽ ነው ልጄ?» አሉኝ አንዲት እናት።

ከጃናሞራ የመጡ ናቸው፤ ስድሳውን ሳያልፉ አይቀሩም። ወታደሮች ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት ነው እሳቸውን ያመጧቸው። እግራቸውን ሰብስበው፣ ነጠላቸውን በሥርዓት አጣፍተው፣ እንግድነት የሄዱ ይመስል ይቀመጣሉ።

«የሚነበብ ነገር ነው እማማ።»

«ዓይንሽ ተርቧል» አሉ። «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና መሪጌታ ነበር። ደቀ መዛሙርቱን በቃል ሲያስቀጽል አርባ ዓመት ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። የተማረ ጆሮዬ ነው። ነይ ተቀመጭ፤ ዳዊት ልድገምልሽ።»

ተቀመጥኩ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል እስኪያልቅ ይጠብቁታል። እኔ ግን መጠበቅ አልቻልኩም። ሁለተኛውን መዝሙር ሳይጨርሱ ተነስቼ ያንን አሥራ አንድ እርምጃ ጀመርኩ። አልተቀየሙኝም። ለግድግዳው ቀጠሉለት።

በአራተኛው ቀን ጠሩኝ።

ቢሮው ድሮ ሚዛን የነበረበት ትንሽ ክፍል ነው። መርማሪው በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነበር፤ ጉንፋን ይዞት በየጊዜው አፍንጫውን ይጠርጋል። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ከአንዳንዱ መስመር ሥር በቀይ ተሰምሯል።

«ተቀመጪ። ዳ–ደ ሃያ ሁለት ምንድን ነው?»

«ከዳባት ደባርቅ ያነበብኩት ገጽ ነው።»

«ገጽ።»

«አዎ።»

«ሰው ገጽ እየቆጠረ ያነባል?»

ይህን እህቴም ጠይቃኝ ታውቃለች። ያን ጊዜ በሳቅ አልፌዋለሁ። «እኔ እቆጥራለሁ» አልኩት።

ገለጠ። «ሁለት ወደ ዛሪማ ሄዱ። አንዱ አልተመለሰም። እነማን ናቸው?»

«መጻሕፍት ናቸው።»

«ማን ወሰዳቸው? ማን ተቀበላቸው? እነዚህ አጫጭር ፊደላት የማን ስም ናቸው? ተናገሪና ወደ ሥራሽ ሂጂ።»

ሾፌሩ ሦስት ልጆች አሉት። ዛሪማ ያለው አንባቢ መጽሐፍ ሲመልስ ውስጡ ደብዳቤ ይሸጉጥልኛል እንጂ ፊቱን አይቼው አላውቅም። ስም አልሰጠሁትም። እሱም ብዙ አልጠበቀም፤ በኮምፒውተር የተጻፈ ሦስት ገጽ ወረቀት ገፋልኝ፣ እስክሪብቶም ጨመረበት።

«ይህ የሰጠሽው ቃል ነው። በየገጹ ግርጌ ፈርሚ። ነገ ትወጫለሽ።»

ወረቀቱን አነሳሁት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ላነበው ነው።»

«ራስሽ የተናገርሽውን?»

«ሳላነብ ፈርሜ አላውቅም።»

ይህ እውነት አልነበረም። የባንክ ቅጽ፣ የቀበሌ ወረቀት፣ የመሥሪያ ቤት ውል ሳላነብ ስንቴ ፈርሜያለሁ። ቀን ሙሉ ስለ ማንበብ የማወራ ሰው ነኝ፤ ግን ሕይወቴን የሚነካውን ወረቀት ቶሎ ተገላግዬ ወደ ልብ ወለዴ ልመለስ እያልኩ ነው የማልፈው። በዚያች ደቂቃ ወረቀቱን ያስያዘኝ ብልህነት አይደለም። ረሃብ ነው። ሦስት ሙሉ ገጽ ፊደል በእጄ ነበር።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ይህን ለመናገር አፍራለሁ። ዓይኔ ሁለትና ሦስት መስመር ሮጠ፤ ውኃ የጠማው ሰው ሳያጣጥም እንደሚጎነጭ ነበርኩ። ትርጉሙ የመጣው ዘግይቶ ነው። ሃያ ሁለት ሰዎችን ከዳባት ወደ ደባርቅ ማሻገሬን አምኜያለሁ ይላል። ሁለት ሰዎችን ወደ ዛሪማ ልኬያለሁ፣ ያልተመለሰው የት እንዳለም አውቃለሁ ይላል። መጨረሻው ላይ ለተባባሪዎቼ ስም የተተወ ባዶ መስመር አለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሼ፣ ገጽ ሳልቆጥር፣ ቃል በቃል እንደገና አነበብኩ።

ወረቀቱን በሥርዓት አስተካክዬ መለስኩለት።

«ይህን አላልኩም።»

«እሺ፣ ምን ተብሎ ይጻፍ?»

«ሃያ ሁለት ገጽ ተብሎ ይጻፍ።»

አፍንጫውን ጠረገ። «በመጽሐፍ ምክንያት ሰው የሚታሰር ይመስልሻል?»

«እኔ ታስሬያለሁ።»

«እንግዲያው ቆዪ» አለና ደብተሬን ዘጋው።

ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። ሴቶቹ ውኃ ሰጡኝና የሆነውን ነገርኳቸው። የጃናሞራዋ እናት ዳዊታቸውን አቋርጠው ያዳምጡ ነበር።

«ወረቀቱ ላይ ያላልሽው ነበረበት?»

«ነበረበት።»

ቀኝ አውራ ጣታቸውን አዩት። የአሻራው ቀለም ከጥፍራቸው ሥር ገና አልለቀቀም።

«እኔስ የመጣሁ ዕለት አስነክተውኛል።»

«ምን እንደሚል ነገሩዎት?»

«ያልሁትን ነው አሉኝ።»

«እርስዎ ምን ብለው ነበር?»

«ልጄ ያለበትን አላውቅም ነው ያልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?»

አውራ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ይዳስሱት ጀመር። የዚያን ዕለት ከሰዓት ዳዊት አልደገሙም። ባልነገርኳቸው ብዬ ተመኘሁ። እርምጃዬን ጀመርኩ፤ ይህኛው መቁነጥነጥ ግን የፊደል ረሃብ አልነበረም። ስምንት ጊዜ የዳሰሱትን ጣታቸውን ላለማየት ነው።

በማግስቱ ረፋድ ፀሐይ እንድንሞቅ ወደ ግቢው አወጡን። መብራት ስለጠፋ የመርማሪው ቢሮ በር ለብርሃን ተከፍቶ ነበር። እማማን ጠሯቸው። እኛ ግድግዳውን ተደግፈን ሁሉንም እንሰማለን።

«አንዲት ወረቀት ቀርታ ነው እማማ። ጣትዎን ያምጡ።»

«ይነበብልኝ።»

«ያው የፊተኛው ነው።»

«እንግዲያማ የፊተኛውም ይነበብልኝ።»

«ጊዜ የለኝም።»

«እኔ አለኝ።»

አጠገባችን የቆመችው ጠባቂ ፊቷን ወደ ጎን መለሰች፤ እየሳቀች ይሁን አይሁን አላየሁም። እማማ ቀኝ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ጣቱን ጨብጠውት ነበር፤ ነጠላው ላይ ቅርጹ ይታያል። መርማሪው ትንሽ ጠበቃቸው። ከዚያ ማንበብ ጀመረ፤ በጥድፊያ፣ ቃሉን እየዋጠ።

«ቀስ በል አንተ ልጅ» አሉት። «የሰው ቃል ነው የያዝህ።»

ቀስ አለ። ለምን እንደታዘዛቸው አላውቅም። ምናልባት እሱንም ያሳደገችው እንዲህ የምትናገር ሴት ትሆናለች። «ልጄ ከማን ጋር እንደሄደ አውቃለሁ» ከሚለው ላይ ሲደርስ አስቆሙት።

«ይኸን አላልሁም።»

«ብለዋል ተብሎ ተጽፏል።»

«የጻፈው ያትምበት። የእኔ ጣት እዚያ ላይ አይሄድም።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። የመሳቢያ መዘጋት ሰማን። እማማ ወጡ፣ መሃላችን ተቀመጡ፣ እጃቸውን ከነጠላው አውጥተው ፀሐይ ላይ ዘረጉት።

«ፊተኛውን መመለስ አይቻልም» አሉኝ። «እሱ በእኔ ላይ ይቀመጣል። ይኸኛው ግን አልሆነላቸውም።»

ዳዊታቸውን ትናንት ካቆሙበት ቀጠሉ። እስከ መጨረሻው አብሬ ሰማሁ ብል ውሸት ይሆናል። ግማሹን ሰማሁ። ለእኔ ብዙ ነው።

እሳቸው ከእኔ ቀድመው ወጡ፤ ዘመዶቻቸው ሽማግሌ ልከው አስፈቷቸው። ልጃቸው ይገኝ አይገኝ እስካሁን አልሰማሁም። እኔን ከሁለት ሳምንት በላይ ካቆዩኝ በኋላ ዋስ ጠርቼ እንድወጣ አደረጉ። ክስ አልነበረም፣ ይቅርታም አልነበረም። ደብተሬ ጠፍቷል ተባልኩ። ሾፌሩ አሁንም ሊማሊሞን ይወርዳል፤ ስንገናኝ ስለዚያ ነገር አናወራም።

ይህን ስጽፍ ተመልሼ እዚያው መድኃኒት ቤት ነኝ፤ መንገዱም ያው ነው። ማንበብ አልተውኩም፤ ግን በሚኒባስ ውስጥ አልችልም፤ መኪናው ፍጥነት በቀነሰ ቁጥር መጽሐፉን እዘጋለሁ። የዓመት ግብ ማውጣትም ትቻለሁ። ጥበብ ስላገኘሁ አይደለም፤ ቁጥር ስጽፍ አንድ ሰው ከሥሩ በቀይ የሚያሰምርበት ይመስለኛል።

በዚያ ፈንታ እሑድ ከሰዓት ሁለት ጎረቤቶቼ ቤቴ ይመጣሉ። አንዷ ጉልት ነጋዴ ናት፤ ሌላዋ ልጆቿን አሳድጋ ብቻዋን የቀረች። ሁለቱም ፊደል አያውቁም። ልብ ወለድ አነብላቸዋለሁ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ዘጠኝ ገጽ ከሄድን ብዙ ነው። ባለታሪኩን ይወቅሱታል፣ ለእናቱ ያዝኑላታል፣ ከገበያ ሰው ጋር ያመሳስሉታል። እግሬ ከወንበሩ ሥር ይቁነጠነጣል፤ የምዕራፉን መጨረሻ በዓይኔ አስቀድሜ አየዋለሁ፤ ለመድረስ እቸኩላለሁ። ይህ ጠባይ ከእኔ ጋር ይሞታል መሰለኝ።

ባለፈው እሑድ ነጋዴዋ እጇን አነሳች።

«ቆይ እስቲ። አሁን ያልሽው አልገባኝም። እንደገና በይው።»

ምዕራፉ ሊያልቅ ሦስት መስመር ቀርቶት ነበር። ጣቴን ወደ ላይ መለስኩና ከአንቀጹ መጀመሪያ እንደገና አነበብኩላት።