ሞራ ይወገድ! ከሰባተኛ እስከ ሲኒማ ራስ በእግር

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሰባተኛ

ጉዞ ሲባል ሰው ላሊበላ ወይም ባሕር ዳር ይመስለዋል። የእኔ ጉዞ እዚሁ መርካቶ፣ ከሰባተኛ ተነስቶ በሶማሌ ተራ ዞሮ ሲኒማ ራስ አጠገብ ያበቃል። በታክሲ ቢሄዱበት ወያላው ሂሳብ ሰብስቦ ሳይጨርስ የሚያልቅ መንገድ ነው። እኛ ግን በእግራችን፣ ያውም በቅዳሜ ገበያ፣ ስልሳ ያህል ሰዎች ተሰልፈን ልንሄደው ተነሳን። ዓላማው በዓይን ሞራ ምክንያት ማየት ያቃታቸው የሰፈራችን ሰዎች እንዲታከሙ መቀስቀስ ነው። መጨረሻው ላይ፣ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ በነጻ የሚመረምሩ ነርሶች ድንኳን ተክለው ይጠብቁናል።

ይህ ለሕዝብ የተነገረው ነው። የእኔ ዓላማ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጋሽ ሸምሱ።

ጋሽ ሸምሱ የልብስ ቁልፍና ዚፕ ነጋዴ ናቸው። አባቴ ሲሞት ደብተር የገዙልኝ፣ ኋላም የመጋረጃ ንግድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው መድከም ከጀመረ ዓመታት ቢሆንም እሳቸው አያምኑም። ጥቁሩን ቁልፍ ከሰማያዊው የሚለዩት ደንበኛዋን «ራስሽ አንሺ፣ የወደድሽውን» በማለት ነው። ባለፈው ወር የጎረቤታቸውን ሱቅ በር በራሳቸው ቁልፍ ሲታገሉ ደረስኩባቸው። «ዝጎ ነው» አሉኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው ደግሞ «ዓይን በቢላ አይነካም» ብለው ወሬ ይቀይራሉ። በቆየ ቁጥር ማዳኑም እየከበደ እንደሚሄድ አንዷ ነርስ ነግራኝ ስለነበር እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ስለዚህ በዘዴ ያዝኳቸው። «ጋሼ፣ ማየት ላቃታቸው ሰዎች ነው የምንራመደው» አልኳቸው።

«ለሌላ ሰው ከሆነማ እመጣለሁ። ድንኳን ምናምን የምትለውን ግን እኔ አላውቅም።»

ቲሸርቶቹን ያሳተምኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔው ነው። አታሚው የሚያስከፍለው በቃል ነበር። «የዓይን ሞራ ይወገድ» ሦስት ቃል ነው። መርካቶ ተወልጄ አድጌ በተጠራልኝ ዋጋ እንዴት ልስማማ? ተከራክሬ ተከራክሬ የሁለት ቃል ሂሳብ አደረግሁት። «በቃ፣ ‹የዓይን› በሚለው ፋንታ ዓይን እስልልሃለሁ፤ ሥዕሉ ምርቃት ነው» አለኝ። ምርቃት ሲባል ደግሞ የመርካቶ ሰው ልቡ ይቀልጣል። ጠዋት ጥቅሉ ሲፈታ የተሳለው ዓይን ቁርጥ እንቁላል ጥብስ ነው። ከሥሩ መዳፍ በሚያህል ፊደል «ሞራ ይወገድ!» ይላል። ሌላ ለማሳተም ጊዜ አልነበረም። ለብሰን ተነሳን።

ሁለት ሰዓት፣ ወደ ሶማሌ ተራ

ገና መቶ እርምጃ ሳንሄድ አንድ ፖሊስ አስቆመን። የምርጫ ሰሞን ስለነበር ተሰልፎ «ይወገድ» የሚል ሰው ቀልድ አልነበረም። ደረቴን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ሞራ ማን ነው?»

«ሰው አይደለም፤ ሞራ ነው።»

«ቅጽል ስሙ ነው?»

«ኧረ የዓይን ሞራ ነው! ይኸው ዓይኑ» ብዬ ሥዕሉን አሳየሁት።

ጠጋ ብሎ መረመረው። «ይሄ እንቁላል ነው» አለኝ።

የቀበሌውን ፈቃድ አውጥቼ ሰጠሁት። ደግነቱ ወረቀቱ ላይ ሦስቱም ቃላት ነበሩ። አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ተፈታ፤ ወረቀቱን እየመለሰልኝ ዝቅ ባለ ድምፅ «እናቴን ባመጣትስ ያዩልኛል?» ሲል ጠየቀኝ። «አሁኑኑ አምጣት» አልኩት።

ሦስት ሰዓት፣ ሶማሌ ተራ

ሶማሌ ተራ ሰልፍ አያውቅም። ፍሪጅ የተሸከመ ሰው «መንገድ! መንገድ!» እያለ መሐላችንን ሰንጥቆ ሲያልፍ ለሁለት ተከፈልን፤ የጎማ ጋሪ ሲከተለው ለሦስት። ስልሳ ሆነን ገብተን አርባ ሆነን ወጣን። የቀሩት የመኪና ዕቃ ዋጋ እየጠየቁ ነበር፤ አንዳንዶቹ መኪና እንኳ የላቸውም። እኔም በአንድ አንድ ብር ሁለት ሳምቡሳ ገዝቼ ለጋሽ ሸምሱ አንዱን ሰጠሁ። ከሰው እንዳንጠፋፋ በሚል ሰበብ ትከሻዬን ይዘው ነው የሚሄዱት።

አንድ ባለሥጋ ቤት ቢላዋውን እንደያዘ በር ላይ ወጣ። «እናንተ ሰዎች፣ ሞራው ከተወገደ ጥብሱ በምን ይጠበስ? ደግሞስ እንቁላል ምን አደረጋችሁ?» ብሎ ጮኸ። ስለ ዓይን ላስረዳው ስሞክር ደንበኞቹ በሳቅ ፈነዱ።

ትንሽ እልፍ እንዳልን የፕላስቲክ ዕቃ አከፋፋይዋ እትዬ የሺ ሱቃቸውን ለእህታቸው ጥለው ሰልፉ ውስጥ ገቡ። ግዙፍና ሳቂታ ሴት ናቸው።

«እኔንም ሐኪም ተራመጂ ብሎኛል። ሞራው በስንት ቀን ይወገዳል?» አሉና ቦርጬን በጣታቸው ጠቅ አደረጉት። «አንተ ገና ዛሬ ነው የጀመርከው፣ አይደል?»

ጎዳናው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ሸምሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ምንድን ነው የሚያስቃቸው?» አሉኝ።

«ደስ ብሏቸው ነው ጋሼ» አልኳቸው።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ሲኒማ ራስ

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ጋሽ ሸምሱ ትከሻዬን ለቀቁ። «እንግዲህ እኔ ከዚህ እመለሳለሁ፤ የሌላውን ሰው መንገድ ጨርሼለታለሁ» አሉ። ስንት ቀን ያሰብኩት ነገር ሁሉ ውሃ በላው ብዬ ክው አልኩ።

ይህን ጊዜ እትዬ የሺ ከኋላ ደረሱ። «ጋሽ ሸምሱ፣ ምነው እርስዎ ደግሞ? አጥንት ብቻ ሆነው የምን ሞራ ሊያስወግዱ መጡ?»

«የምን ሞራ?»

«ደረትዎ ላይ የተጻፈው ነዋ! ይህን ሁሉ መንገድ ለብሰውት ሲመጡ አላነበቡትም?»

ጋሽ ሸምሱ ቲሸርቱን በሁለት እጃቸው ወጥረው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ ራቅ አደረጉት። እንደገና አስጠጉት። የሚስቅ ሰው ጠፋ። እትዬ የሺ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ እንዲታከሙ ብዬ መሳቂያ አድርጌ መርካቶን አዞርኳቸው።

«ጌታሁን» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «አንብብልኝ።»

ባወቅኳቸው ዘመን ሁሉ ለማንም እንዲህ ብለው አያውቁም። አነበብኩላቸው። እንቁላሉንም፣ ፖሊሱንም፣ ከአታሚው ጋር የተከራከርኩትንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«ዓይኑን ምርቃት አለህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«አንተም ተቀበልክ?»

«ተቀበልኩ።»

«ወላሂ፣ ጥፋቱ ያስተማርኩህ የእኔ ነው» ብለው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ፊታቸውን በእጃቸው ጠረጉና «በል ድንኳኑ የት ነው፣ ምራኝ» አሉ።

ነርሷ ሰሌዳው ላይ ያሉት ምልክቶች ወዴት እንደዞሩ በጣታቸው እንዲያሳዩ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ሸምሱ ጥቂት አሰቡ።

«የላይኛውን ልንገርሽና የታችኞቹን ተይልኝ።»

«አባባ፣ እዚህ ድርድር የለም።»

«እሺ፣ ሁለተኛውን ልጨምርልሽ።»

ሁለተኛውንም አላዩትም። ነርሷ መብራት አብርታ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን አየችና በቀዶ ሕክምና የሚድን ሞራ መሆኑን፣ ከዚህ በላይ ግን መቆየት እንደሌለባቸው ነገረቻቸው። የቀጠሮውን ወረቀት አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

መልስ

ወደ ቤት የተመለስኩት በታክሲ ነው፤ እግሬ አብጦ ጫማዬ አልወልቅ ብሎኝ ነበር። ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ብባል፣ የምወደውን ሰው በዘዴ እየሸወድኩ ከምመራው ፊት ለፊት ብነግረው ይሻል እንደነበር ነው። ያን ሁሉ ዓመት እሳቸውም ደበቁኝ፣ እኔም ያላወቅኩ መሰልኩ።

በቀጠሮው ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነበር። ጋሽ ሸምሱ መጀመሪያ እጃቸውን፣ ቀጥሎ መስኮቱን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ፊቴን አተኩረው ተመለከቱ። ያላወቁኝ መስሎኝ «ጌታሁን ነኝ ጋሼ» አልኳቸው።

እጃቸውን ዘርግተው ጆሮዬ ሥር ያለውን ፀጉር ነካ አደረጉ።

«ሳላይህ ሸበትክ» አሉኝ።