መናኸሪያ ላይ የተቀረጸው መጨረሻ

ወደ ፊልም ሥራ የገባሁት ሠርግ በመቅረጽ ነው። ቆይቶ ፒያሳ ካንድ ካፌ በላይ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ስቱዲዮ ከፈትኩና ሥራ አስኪያጅ ተባልኩ። ሥራ አስኪያጅ ይቀመጣል ይላሉ፤ እኔ ግን ከክፍል ክፍል ስመላለስ ነበር የምውለው። ኤዲተራችን «እባክሽ አረፍ በይ፣ እኔንም አዞርሽኝ» ትለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ረጅም ፊልማችን ዋናው ተዋናይ ከጎጃም የመጣ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ታሪኩ ስለ አንድ ባለ ጀልባ ነው፤ ሐዋሳን ጥሎ ሊሄድ ይነሳና መጨረሻ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ይቀራል። የቀረን ወደ ጀልባው የሚመለስበት ትዕይንት ብቻ ነበር። ጠዋት እዚያው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካሜራ ተክለን ብንጠብቅ ልጁ የለም። ስልኩ ዝግ ነው። ዳይሬክተሩ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። እኔን ግን አላስቻለኝም፤ በባጃጅ ወደሚኖርበት ቤት በረርኩ። የክፍል ጓደኛው «ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ ሄዷል» አለኝ።

የአዲስ አበባው አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ዳር አገኘሁት። ሲያየኝ አቀረቀረ።

«አባቴን አሟቸዋል» አለ። «ቶሎ ድረስ ብለውኛል። ብነግርዎት ያስቀሩኛል ብዬ ፈራሁ።»

በመንገድ ላይ ያሰናዳሁት ልመናም ቁጣም ጠፋኝ። ወርጄ አውቶቡሱን ዞርኩት፤ ገና አልሞላም። ለዳይሬክተሩ ደወልኩ።

«ካሜራውን ይዛችሁ መናኸሪያ ኑ።»

«ታሪኩስ? ሰውየው እኮ ይቀራል ነው የሚለው።»

«አይቀርም። ይሄዳል።»

ተመልሼ ልጁን «እዚያው እንደተቀመጥክ ብንቀርጽህ ቅር ይልሃል?» አልኩት።

«ምን ልበል?»

«ምንም። የአባትህን ነገር እያሰብክ ሂድ።»

ሹፌሩ ፈቀደልን። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ልጁ ካሜራውን አላየም፤ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ወደ ውጭ ያይ ነበር። ዳይሬክተሩ ሳምንት ያህል አኩርፎኝ ሰነበተ። ፊልሙ ሲታይ ግን ያ ትዕይንት አልቆ መብራት ከበራ በኋላም ተመልካቹ ከወንበሩ አልተነሳም።

ልጁ አባቱ በሕይወት እያሉ ደረሰ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ዛሬ እዚያው አገሩ ያስተምራል። አንድ ቀን ደውዬ «ፊልሙን ልላክልህ?» አልኩት።

«ትንሽ ይቆይልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት።