ያላየውን የማይጽፈው አማቼ

የእህቴ ባል የዱር እንስሳ ቆጣሪ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በጥብቁ ደን ውስጥ በአንድ ቀጭን መንገድ፣ በተመሳሳይ ሰዓት እየሄደ ያየውን ይመዘግባል። ያላየውን ግን ቢሰቅሉት አይጽፍም። በሠርጉ ቀን እንኳ ሙሽራዋን አስቀምጦ እንግዳ ሲቆጥር፣ እኔ ወንበር ቀይሬ ቁጥሩን ስላበላሸሁበት እስከ ዛሬ ቂም ይዞብኛል።

ዘንድሮ ጣጣ መጣ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ በደኑ ውስጥ ነብር ለመኖሩ ማስረጃ ካልተገኘ የሚሠራበት ጣቢያ ይዘጋል፣ እሱም እዚያ ያለውን ቤቱን ለቆ ከተማ መዝገብ ቤት ይመደባል ተባለ። ዛፍ ላይ የታሰሩ ስድስት ካሜራዎች አሉት፤ ፊታቸው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያልፍ በራሳቸው ያነሳሉ። በየሳምንቱ ፎቶዎቹን ያያል። ከርከሮ፣ ጦጣ፣ ጃርት፣ ደግሞ ከርከሮ።

ኃላፊው አዝኖለት፣ የነብሩን ድምፅ አገር ምድሩ ሰምቶታልና «አንድ ነብር» ብለህ ጻፍ ሲል መከረው። አማቼ መስማትና ማየት ለየቅል ናቸው ብሎ እምቢ አለ። እኔ ላም አለኝ በሰማይ እያልኩ ተሳለቅሁበት። እህቴ ግን መሳለቅ አላማራትም።

«በግትርነትህ ከዚህ ቤት ብታስወጣኝ ነብር አየኝ በል» አለችው።

የመጨረሻው ሳምንት ደረሰና ዕቃ ማሸግ ጀመርን። እህቴ ባሏ በሥራ ላይ ያለበት አንድ ፎቶ እንዲኖራት ፈለገች። የሠርጉ ፎቶ ላይ እንኳ ወደ ጎን ዞሮ ሲቆጥር ነው ያለው። ካሜራዎቹ አንተንም ያነሱህ የለም ወይ ብትለው፣ ያነሳሉ፣ ግን ሰው አይቆጠርም አላት። ካሜራው አንዴ ከነቃ ለአሥር ደቂቃ ያነሳል፤ እሱ የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ራሱን ካየ፣ የቀሩትን ሳይከፍት ክምሩን በሙሉ «ሠራተኛ» ወደሚል ፋይል ይወረውራል።

ከፈተችው። አማቼ ደብተሩን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው መቀመጫውን እያከከ ሲያልፍ ታየ። በሳቅ ፈረስን። ቀጥሎ ባዶ መንገድ። ከዚያ እህቴ ሳቋን አቆመች።

«አንተ፣ ይሄ ኮቴህን እያሸተተ የሚከተልህ ምንድን ነው?»

ነብር ነው። ያለፈውን ሳምንት ከፈትን፣ ያው ነብር። ከዚያ በፊት ያለውንም፣ ያው። አርባ አንድ ሳምንት! ለካ ቆጣሪውም ቆጣሪ ነበረው። አማቼ የታሸገ ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ የፍርሃት መስሎኝ ነበር።

«ደህና ነው» አለ፣ «ወፈር ብሏል።»

እህቴ ከእንግዲህ ወደ ኋላው ሳያይ አንድ እርምጃ እንዳይሄድ አስጠነቀቀችው። ዞር ዞር ማለት ቆጠራውን ያበላሻል ብሎ መከራከር ጀመረ። ከዚያ ቅጹን አውጥቶ «ነብር፦ አንድ» ብሎ ጻፈና፣ «ያየው ሰው» የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

እህቴ ስምህን ጻፍና ገላግለን አለችው።

«እኔ ወርውሬዋለሁ። ያየሽው አንቺ ነሽ» አለና፣ ሃያ ሁለት ዓመት ከራሱ በቀር የማንም ስም ባልሰፈረበት ቦታ የእህቴን ስም ከነአባቷ ጻፈ።

እህቴ ከሳጥኑ ላይ አስነስታው ዕቃውን መፍታት ጀመረች።