ከራሱ ጋር እኩል ያልሆነው ቁጥር

ቬርና ፍሪሰን ቁጣዋ አፍንጫዋ ላይ ነው፤ ሳቋም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ዊኒፔግ ውስጥ ዲበገር ከሚሠሩት አንዷ ናት። ዲበገር ፕሮግራም ሲታመም ሆዱን ከፍቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው።

የበረዶውን ወራት በሙሉ የታገለችው ከአንድ ጉደኛ ነገር ጋር ነው። ዜሮን ለዜሮ ሲያካፍሉት ኮምፒውተሩ «ይህ ቁጥር አይደለም» የሚል ምልክት ያስቀምጣል። ታዲያ ያንኑ ምልክት አንዱ ዓይነት ማሽን በአጭሩ ይጽፈዋል፣ ሌላው መቀነሻ ያስቀድምለታል፣ ሦስተኛው ቅንፍ ያለብሰዋል። ምስኪኑ ደንበኛ አንድ በሽታ ይዞ ሦስት ያለበት ይመስለዋል። ቬርና ሦስቱንም ባንድ አፍ አናግራለሁ ብላ ማለች።

አለቃዋ ዌንደል ግን ታክቶታል። «ሦስቱ ማሽኖች ሐሙስ ከምሳ በፊት ካልተስማሙ፣ ሥራሽን ከአዲሱ እትም አወጣዋለሁ» አላት።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ ማሽኖች ተስማሙ። አጠገቧ የሚቀመጠው የጎርዲ ማሽን ብቻ አሻፈረኝ አለ።

«ቬርናዬ፣ ያንቺ ነገር እዚህ አገር ቪዛ ተከለከለ» አለ ጎርዲ ዶናቱን እያኘከ።

«ዝም ብለህ ብላ! ይልቅ ምን አድርገኸዋል ማሽኑን?»

«ምንም። ትንሽ አፈጠንኩት እንጂ።»

«ምን አልክ?»

«አፈጠንኩት! ይንቀራፈፋል እያላችሁ ስትጨቀጭቁኝ አልነበር?»

ቬርና ራሷን ያዘች። ምልክቱን ባንድ መልክ ለመጻፍ መጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል፤ ለዚህም የሙያው ሰው ሁሉ የሚያውቃት ዘዴ አለች፦ ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው። ከራሱ ጋር እኩል ካልሆነ እሱው ነው፤ እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ሌላ የለምና። ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ግን ፍጠን ስለተባለ፣ ከራሱ ጋር እኩል የማይሆን ነገር የት አለ ብሎ ጥያቄዋን ከነጭራሹ ሰርዞታል።

«ወይ እኔ ጅሏ! ይህንን እኮ ለጀማሪዎች የማስጠነቅቀው እኔው ነኝ» አለች። በራሷ በጣም ተናደደች።

ማወዳደሩን ትታ፣ ምልክቱ የተሠራባቸውን ዜሮዎችና አንዶች በቀጥታ እንዲመለከት አድርጋ ጻፈችው።

ዌንደል ካፖርቱን እንደለበሰ መጣ። ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው አየ፤ እንደገና አየ።

«ሦስቱም ያው ናቸው እኮ» አለ ግራ ገብቶት። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠሪ ነበር?»

ቬርና ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው፣ እንባዋ እስኪፈስ ድረስ።

«ይኸንኑ» አለችው።